ሳጥኑን የመረጠው ኪሮስ አይደለም

ሰቆጣ፣ ታች ሰፈር፣ ኢንተርኔት ይቀበላሉ ተብለው ለየቤቱ የታደሉትን፣ እስከ ዛሬም ምንም ያልተቀበሉትን ነጫጭ ሳጥኖች የመረጠው ኪሮስ አይደለም። ይህ ይጻፍልኝ። በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ጥፋተኛው እሱ ነው ተብሎ ሰፍሯል፤ ሳይሰረዝለትም ሞቷል። በደሉ ይህ ነው። በበደሉ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት፤ ቦታው ላይ ስደርስ እናገረዋለሁ እንጂ አልዘለውም።

መሞቱን የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው። ከገበያ ስመለስ ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞር ብሎ፣ «እማማ ታደሉ፣ ሳጥኑ ሞተ አሉ፤ ጽጽቃ ላይ» አለኝ።

«ማን ሞተ?»

«ሳጥኑ! ያ የኔትወርኩ ሰውዬ።»

«ስም የለውም?»

«ኧረ እኔ ሳጥኑ ሲሉት ነው የማውቅ።»

«አቁም» ብዬ ወረድኩ። ቤቴ ገና ሩቅ ነበር፤ ዘንቢሉም ከብዶኛል። «ምን አጠፋሁ እማማ?» አለ ልጁ ደንግጦ። እውነትም እሱ ምንም አላጠፋ። ሰው ሞቶ እንኳን በሰው ስም ያልተጠራው በእኛ ጥፋት ነው።

ኪሮስ የደሃና ወረዳ ሰው ነበር። ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ ሬዲዮ፣ ስልክና የፀሐይ መብራት ይጠግናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስብ አንድ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። ሥራ እምቢ ሲለው በኽምጣንኛ ይሳደባል፤ እኛም ኽምጣንኛ ስለምንሰማ ገመዱን ምን ምን እንዳለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሰው ጣሪያ ላይ በጫማ ወጥቶ አያውቅም። «ቆርቆሮ ይበሳል፤ ክረምት ሲመጣ የሚረግሙት እኔን ነው» ይላል። ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ፣ «ቤቶች፣ ልወጣባችሁ ነው!» ብሎ ይጮህና በፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ላይ በባዶ እግሩ እየዘለለ ይሄዳል። ስንስቅበት ከላይ ሆኖ፣ «እናንተስ ብትወጡ ምን ትሆኑ ነበር?» ይለናል።

የከተማው ሰው ተሰባስቦ የኢንተርኔት ማኅበር ሲያቋቁም፣ ስለ ዕቃው የሚያማክር ባለሙያ ሆኖ የተመረጠው ኪሮስ ነው። እኔ የታች ሰፈር እናቶች ተወካይ ነበርኩ። የእናቶች ተወካይ ያስፈለገው፣ ከሰፈራችን ልጇን ወደ አረብ አገር ያልላከች እናት ጥቂት ስለሆነች ነው። የእኔም ሁለተኛዋ እዚያው ናት። ድምፅ በስልክ ይመጣል፤ ፊት ግን አይመጣም። እኔ ደግሞ ልጄ «ደህና ነኝ» ስትለኝ ፊቷን ካላየሁ አላምናትም።

ኢንተርኔቱ በገመድ ሳይሆን በአየር የሚመጣ ነው። ኮረብታው ላይ ማማ ተተከለ፤ ማማው ይልካል፣ በየቤቱ ያለ መቀበያ ደግሞ ይቀበላል። ጠቡ ሁሉ የመጣው በዚህ መቀበያ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ኪሮስ ተነሥቶ እንዲህ ሲል አስረዳን።

«መቀበያው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ነው። ማማው ፊት ለፊት ለሆነ፣ ግድግዳው ስስ ለሆነ ቤት ይበቃል። ሁለተኛው ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ሳህን ነው፤ እሱ ማማውን ማየት አለበት። ሦስተኛው ማማውን ለማያይ ቤት ነው፤ ከሚያየው ጎረቤት ጣሪያ ተቀብሎ ለዚያ ያቀብለዋል።»

ሊቀ መንበራችን እጃቸውን አወዛወዙ። «ዝርዝሩን ተወው። ጥሩው የትኛው ነው?»

«ለማን?» አለ ኪሮስ።

«ለማንም! ጥሩው ዕቃ የትኛው ነው?»

«ጥሩ ጫማ ስንት ቁጥር ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ አልሳቁም። እሳቸው ሰውን መጠየቅ እንጂ በሰው መጠየቅ አይወዱም።

የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ መጣ። የሊቀ መንበሩ ቤት ከማማው ሥር ነው፤ ከበረንዳቸው ሆነው የማማውን ብሎን መቁጠር ይችላሉ። ከወንዙ ማዶ ያለው ሆቴል ግን ራቅ ስለሚል ኪሮስ ሰፌድ የሚያክል ሳህን ሰቀለለት። ይህን ያዩት ሊቀ መንበር የእሳቸውም ከዚያ እንዳያንስ አዘዙ። ኪሮስ ጫማውን አወለቀ፣ ወጣ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወረደ።

«ለእርስዎ መዳፍ የምታክል ትበቃለች» አላቸው።

«እኔ እኮ ሊቀ መንበር ነኝ።»

«ማማው አያውቅዎትም።»

ሚስታቸው ጓዳ ሆና ሳቀች። ሚስት የሳቀችበትን ነገር የሚረሳ ባል አላየሁም። መዳፍ የምታክለዋ ተሰቀለች፤ ኢንተርኔቱም እንደ ውኃ ፈሰሰላቸው፤ እሳቸው ግን እንግዳ ሲመጣ ወደ ጣሪያቸው ቀና እንዳይል በጓሮ በር ማስገባት ጀመሩ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ደረስኩ።

ታች ሰፈር ከኮረብታው ገባ ያለ ነው፤ አንዱ ቤት ማማውን ያያል፣ ጎረቤቱ አያይም። ኪሮስ ለእያንዳንዱ ቤት የሚሆነውን ዕቃ ለመምረጥ አንድ ዘዴ አሰበ። ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዱ ቤት ጣሪያው ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል። እሱ ማማው ሥር ቆሞ በሩቅ ማያ መነጽር ያያል። ጨርቁ ከታየው ማማውና ጣሪያው ይተያያሉ ማለት ነው፤ ካልታየው ሌላ መላ ይፈለጋል።

«ለሰፈሩ እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እትዬ ታደሉ» አለኝ።

«ከቢሮ ሰው ይኖራል?»

«ጸሐፊዋ አብራኝ ትወጣለች። እሷ ትመዘግባለች።»

«ትመዘግባለች» አለኝ። ይህን ባይለኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

እኛ አገር ሰው ወረቀት ይዞ ቤት ሊያይ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ሕፃኑም ያውቃል። ላሚቱ ወደ ዘመድ ትነዳለች፤ አዲሱ ብርድ ልብስ ሣጥን ይገባል፤ ደህናው ወንበር ጓሮ ይደበቃል። ደህና ነገር የታየባት ሴት በሚቀጥለው የእርዳታ ዝርዝር ስሟ ይጠፋል። ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ከዝርዝር እየወጣን ነው። እናም ከቤት ቤት ዞርኩ። «አንቺ፣ ደህናውን ነጠላ እንዳትሰቅይ! ከሩቅ ባለጸጋ ታስመስይናለሽ» አልኩ። አንዷ ሞኝ ቢጤ፣ ለበዓል የምትለብሰውን እንደ ወተት የነጣ ነጠላ ሰቅላ አየኋትና ሮጬ አስወረድኳት። እኔ የጤፍ ጆንያ ሰቀልኩ። ሌላዋ ጭስ የጠገበ ጋቢ ሰቀለች። ጎረቤቴ መሪጌታ የተማሪዎቻቸውን ደበሎ ሰቀሉ፤ ደበሎ ማለት የቆሎ ተማሪ የሚለብሰው ጥቁር የበግ ለምድ ነው። ሰፈራችን ያን ቀን ከሩቅ ለሚያየው የተቃጠለ እንጂ የሚጠብቅ ሰፈር አይመስልም ነበር።

ኪሮስ ከላይ ሰፈር ነጫጩን ሁሉ አየ። ከእኛ ምንም አላየም። ጸሐፊዋም፣ «ከታች ሰፈር የታየ ጨርቅ የለም» ብላ ጻፈች፤ እውነት ነውና ፈረመበት። ከዚያ ግን ልቡ እምቢ ብሎት ቁልቁል እየሮጠ መጣ፤ ላቡ ተንጠፍጥፏል።

«እትዬ ታደሉ፣ ሰዉ ረሳው እንዴ?»

«ኧረ አንድም የቀረ የለም። ሁሉም ሰቅሏል!»

ቀና ብሎ ጆንያዬን አየ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «ይህ ነጭ ነው?»

«ነጭ ነበር።»

ቀጥሎ የመሪጌታን ደበሎ አየ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ስቀሉ አልኩ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኳችሁም» አለ። እኔን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ከዚያ በኋላም አንስቶት አያውቅም።

ከነጋታው ጀምሮ ታች ሰፈርን በእግሩ አዳረሰው። ያልወጣበት ጣሪያ የለም። የእግሩ መዳፍ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልሎት አይቻለሁ። ሲጨርስ ሁለተኛ ወረቀት አዘጋጀ፤ እያንዳንዱን ጣሪያ በእጁ ስሎ፣ ከአጠገቡ የሚሆነውን መቀበያ ጽፎበታል። አንዱን ለማኅበሩ ቢሮ አስገባ፤ ግልባጩን ለእኔ ሰጠኝ። «ቢሮ ወረቀት ይበላል፤ እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አለኝ። እኔ የተማርኩት የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቢሆንም የራሴን ቤት ፈልጌ አነበብኩ። «የወይዘሮ ታደሉ ቤት። ማማውን ኮረብታው ይጋርደዋል። ግድግዳው ድንጋይ ስለሆነ ሳጥን አይሠራም። ከመሪጌታ ጣሪያ የሚቀበል ትንሽ ሳህን በምሥራቅ ጥግ ይሰቀል። የግራሩ ቅርንጫፍ አይቆረጥ፤ ሌላ ጥላ የላቸውም» ይላል።

ዕቃ ሲመርጥ ለጥላዬ ያሰበ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ዕቃው የሚወሰንበት ስብሰባ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ የመጀመሪያውን ወረቀት ከፍ አድርገው አነበቡ። «በባለሙያው ጥናት መሠረት ታች ሰፈር ማማውን የሚያይ ጣሪያ የለውም። ስለዚህ የጣሪያ ሳህን አያስፈልገውም። ከላይ እስከ ታች ለሁሉም አንድ ዓይነት ሳጥን ይታደላል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ የሚባል ነገር ቀርቷል። እኩልነት ማለት ይህ ነው!»

መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እኩልነት የሚል ሰው ካየሁ እጄ አያርፍም፤ እኔ ሳጨበጭብ ደግሞ የታች ሰፈር እናቶች ያጨበጭባሉ።

ኪሮስ ተነሣ። «ሁለተኛው ወረቀት የታለ?»

«የመጀመሪያው በቂ ነው። ፊርማህ አለበት» አሉት።

«ስህተት ነው እኮ፤ ያረምኩበትን ነው ሁለተኛ ያስገባሁ።»

«ተጨብጭቧል» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ስንወጣ ደጃፉ ላይ ጠብቆኝ ነበር። «እትዬ ታደሉ፣ ሲያጨበጭቡ አየሁዎት።»

«እኩል ነው አሉ እኮ፣ ኪሮስ።»

«ለከተማው ሁሉ አርባ ቁጥር ጫማ ቢታደልም ያጨበጭባሉ?»

የእኔ እግር ሠላሳ ስድስት ነው።

ሳጥኖቹ መጡ። ላይ ሰፈር ሠሩ። እኛ ዘንድ ቀይ መብራት እያበሩ ተቀመጡ። መጀመሪያ አክብረን ጥልፍ አለበስናቸው፤ ቀጥሎ ጥልፉን አነሣንላቸው፤ ቀጥሎ ወደ መስኮት አስጠጋናቸው። የድንጋይ ግድግዳችን ግን ከበረዶና ከነፋስ ሊጠብቀን የተሠራ ነው፤ ኢንተርኔቱንም ለይቶ አላሳለፈ። ከዚያ ሰፈሩ ሳጥን ታቅፎ ማራዘሚያ ገመድ እየጎተተ በየግቢው መዞር ጀመረ። አንዷ ሳጥኗን ዛፍ ላይ ሰቅላ ዝናብ እንዳይመታው ድስት ደፋችበት። መሪጌታ ሳጥኑን ወደ ምሥራቅ አዙረው ጸበል ረጩት፤ ቀዩ መብራትም ጠፋ። ጸሎቱ ደረሰ ብለን ስንደሰት ለካ ውኃው አቃጥሎት ነው።

አቤቱታ በዛ፤ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ ያችኑ ወረቀት አወጡ። «ባለሙያ መረጠ፤ እኛ አመንን። ይኸው ፊርማው!»

ኪሮስ ቆሞ፣ «ፊርማው የእኔ ነው። ጨርቅ አልታየኝም ማለቴም እውነት ነው። ሳጥኑን ግን አልመረጥኩም» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ አየ። ይናገሩ አላለኝም፤ አየኝ ብቻ።

ሁለተኛው ወረቀት ከእኔ ቤት ነበር። እሱን ባወጣ፣ የመጀመሪያው ለምን ባዶ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ጆንያውም ደበሎውም ይነሣል፤ ሳጥን ታቅፈው የሚዞሩት ሴቶች ሁሉ ወደ እኔ ይዞራሉ። ታደሉ ፊት ለፊት ተናጋሪ ናት፣ ማንንም አትፈራም ይሉኛል። ያን ቀን ፈራሁ። እጆቼን አየሁ። እነዚያው ያጨበጨቡት እጆች ናቸው።

በቃለ ጉባኤው «ስህተቱን የፈጸመው፦ አቶ ኪሮስ» ተብሎ ተጻፈ። ሰፈሩም «ሳጥኑ» የሚል ስም አወጣለት። ሬዲዮ የሚሰጠው ጠፋ፤ ሱቋን ዘግቶ ወደ ጽጽቃ ለመሄድ ተነሣ። ሊሄድ ሲል በእኔ በኩል አለፈ።

«ሳጥኑ ያዘልዎት ወይ?»

«አልያዘም።»

«ምን ያድርግ እሱም፣ ድንጋይ ውስጥ አስገብተነው» አለና ግድግዳዬን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ለሳጥኑ እንኳን ያዝን ነበር። ጥቂት ሄዶ ዞር አለ። «ወረቀቷን ከልብስ ጋር እንዳያጥቧት።» ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ከባጃጁ የወረድኩ ዕለት ቤቴ ገብቼ ወረቀቷን አወጣሁ። አልታጠበችም። ወደ መሪጌታ ይዣት ሄድኩ። ልጃቸው ከወልድያ ሁለት ትንንሽ ሳህኖች ልኮላቸው፣ የት እንደሚሰቅሏቸው ጨንቋቸው ተቀምጠው ነበር። ወረቀቷን እኔ ከታች አነበብኩ፤ እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ወጡ። አንዷን ኪሮስ በሣለበት ቦታ ማማው ላይ አነጣጠሯት። ሌላዋን ከእኔ ቤት ምሥራቅ ጥግ ሰቀልናት። ግራሩን አልነካንም።

የልጄን ፊት አየሁት። ከስታለች። «ደህና ነኝ» ትለኝ የነበረው ውሸቷን ነው። እኔም ውሸታም እናት እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በማግስቱ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ።

«ምን ልታዘዝ እማማ?» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«ስም ላሰርዝ ነው የመጣሁ። የኪሮስን።»

መዝገቡን አወጣች። «ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ ማመልከት አለበት።»

«ሞቷል።»

«እንግዲያው መሞቱን የሚገልጽ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ።» የተናገረችውን ራሷ ሰምታ አፏን ያዘች። «ይቅርታ እማማ፤ ለምደነው ነው።»

«ሁለተኛው ወረቀት አልገባም ወይ እዚህ?»

ዝቅ ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ከሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ እግር ሥር፣ በአራት የታጠፈ ወረቀት ተሸጉጧል። «ጠረጴዛው ይወዛወዝባቸው ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ። የኪሮስ ሥራ እዚያም ቢሆን የሚወዛወዝ ነገር ይዞ አገኘሁት።

«በሉ ሰርዙ!»

«መሰረዙስ በተሰረዘ፤ ግን እዩት እማማ፣ ቅጹ ላይ 'ስህተቱን የፈጸመው' የሚል ቦታ አለ። ባዶ ከሆነ መዝገቡ አይዘጋም።»

«ሊቀ መንበሩ አሉ አይደል?»

ጸሐፊዋ ወደ በሩ አየችና መዝገቡን ወደ ቦታው መለሰች።

ቤቴ ተመልሼ ማመልከቻዬን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ሁለት ነገር ብቻ አሰፈርኩ። አንደኛ፣ ጆንያና ደበሎ ያሰቀልኩት፣ ነጭ ነጠላም ሮጬ ያስወረድኩት እኔ ታደሉ ነኝ፤ ኪሮስ ያልታየውን አልታየኝም አለ እንጂ አልዋሸም፤ ስሙ ይሰረዝ። ሁለተኛ፣ ሊቀ መንበሩ ሁለተኛውን ወረቀት እያወቁ ከጠረጴዛ ሥር ስላደረጉ ይጠየቁ። ግልባጩን ለመሪጌታና ለታች ሰፈር እናቶች በሙሉ አነበብኩላቸው። የፈራሁት ደረሰ፤ ሦስቱ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። ያቺ የበዓል ነጠላዋን ያስወረድኳት ግን፣ «ነጭ ነበር እኮ የእኔስ!» እያለች በየሄደችበት ትናገራለች፤ መብቷ ነው።

መልሱ ዘገየ። ስመላለስ ከረምኩና አንድ ቀን ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠኝ። እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ጨምሬም ቀንሼም አላውቅም።

«ለወይዘሮ ታደሉ፤ ባሉበት። ያቀረቡት ማመልከቻ በጥንቃቄ ታይቷል። በተራ ቁጥር ሁለት ሊቀ መንበሩን በተመለከተ ያነሡትን ጥያቄ፣ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው መርምረው አግባብነት የሌለው ሆኖ አግኝተውታል። በተራ ቁጥር አንድ የጠየቁት ግን ተቀባይነት አግኝቷል። በመሆኑም የአቶ ኪሮስ ስም ከቃለ ጉባኤው ተሰርዞ፣ ቦታው ባዶ እንዳይሆን በምትኩ የእርስዎ ስም ገብቷል።»